በግራ እግር ፍሬን መያዝ፦ ትራክ ላይ ጥቅሙ የቱ ጋ ነው?

ሁለት ፔዳል

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ታግዙኛላችሁ ብዬ ነው።

የመኪና መወዳደሪያ ትራክ ላይ መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መኪናዬ በፊት ጎማ የምትጎተት ናት፣ ሞተሯ ባለ ተርቦ። ካምቢዮዋ ባለ ሁለት ክላች አውቶማቲክ ስለሆነ የፍሪሲዮን ፔዳል የላትም። እስካሁን ነዳጁንም ፍሬኑንም የምረግጠው በቀኝ እግሬ ነው። ግራ እግሬ ዳር ላይ ተቀምጦ ይውላል።

ባለፈው የትራክ ቀን በግራ ልሞክር አልኩ። የረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ፣ ወደ 150 እየሄድኩ፣ ግራ እግሬን ፍሬኑ ላይ አሳረፍኩ። ለእኔ ማሳረፍ ነበር የመሰለኝ። እግሬ ግን የረገጠው ፍሪሲዮን እንደሚረገጠው ነው፣ እስከ መጨረሻው። ቀበቶው ደረቴን ጭምድድ አደረገኝ። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ፔዳሉን ከእግሬ ሥር ይቀጠቅጠው ጀመር። ኩርባው ገና 60 ሜትር ሲቀረው መኪናዋ ልትቆም ደረሰች። ከኋላዬ የነበረው ሰው መሪውን ጠምዝዞ ለጥቂት አለፈኝ። ፒት ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። የእጄ መንቀጥቀጥ ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ አልተወኝም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንድ ወዳጄ «እግርህን ከነዳጅ ወደ ፍሬን ስታዛውር በየኩርባው 10 ሜትር ታጣለህ» ይለኛል። እውነት ነው? ከሆነስ እግሬን ሰው ሳልገጭ እንዴት ላስተምረው?

ቁጥር ወዳድ

እንኳን ሰው ሳትነካ ወጣህ ወንድሜ።

ስለ 10 ሜትሩ እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜ ኖሬያለሁ። ቁጥሩ ልክ ነው። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 50 ሜትር ነው። እግር ለመዛወር 0.2 ሰከንድ ከወሰደ መኪናው 10 ሜትር ይሄዳል። የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። እነዚያን 10 ሜትሮች ሁለቱም ነጂዎች ይነዷቸዋል። አንዱ ነዳጅ እየሰጠ ያልፋቸዋል፣ ሌላው እግሩ አየር ላይ ሆኖ።

እናስላው። በዚያ ፍጥነት ነዳጅ የሰጠው መኪና በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ1 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ነው እንበል። የለቀቀው ደግሞ አየሩም ሞተሩም እየያዙት በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። በ0.2 ሰከንድ ውስጥ በመካከላቸው የሚፈጠረው ልዩነት 0.6 ሜትር በሰከንድ ነው፣ በሰዓት ሲሆን 2 ኪሎ ሜትር ገደማ። በእነዚያ 10 ሜትሮች ላይ የሚተርፈው ጊዜ ከ1 ሺህኛ ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም። ፈጥኖ የደረሰው ሰውዬ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ መያዝ አለበት። 10 ኩርባ ባለው ትራክ ሁሉንም ብትደምር 1 መቶኛ ሰከንድ ቢሆን ነው።

ብዙዎቻችን ጊዜ የምናጣው ሌላ ቦታ ነው። ነዳጁን እንለቃለን፣ ፍሬኑን አንይዝም፣ ግማሽ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ዝም ብለን እንንሳፈፋለን። እሱ የፍርሃት ጉዳይ እንጂ የእግር ፍጥነት ጉዳይ አይደለም። መኪናህ ላይ በየዙሩ የሚቀዳውን ዳታ ክፈት። የነዳጁ መስመር ዜሮ ከነካበት የፍሬኑ ግፊት እስከሚነሳበት ያለውን ክፍተት ለካ። ከ0.3 ሰከንድ በላይ ከሆነ በቀኝ እግርህም ማስተካከል ትችላለህ።

የድሮ ራሊ

ቁጥር ወዳድ ልክ ብሏል። ጥቅሙ እግር ማፍጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ዓመት ባልደከምንበት። በግራ እግር የሚያዝ ፍሬን ለእኔ ሁለተኛ መሪ ነው።

ነገሩ የተወለደው ትራክ ላይ ሳይሆን በረዶና ጠጠር ላይ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የስካንዲኔቪያና የፊንላንድ ራሊ ነጂዎች በፊት ጎማ የሚጎተቱ ትንንሽ መኪኖች ይነዱ ነበር። ኤሪክ ካርልሰን በሳብ፣ ቲሞ ማኪነንና ራውኖ አልቶነን በሚኒ ኩፐር። ካርልሰን የሞንቴ ካርሎን ራሊ በ1962 እና በ1963 አሸነፈ፣ ማኪነን በ1965፣ አልቶነን በ1967። የካርልሰን ሳብ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነበር። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ ነዳጅ ተለቆ ሞተሩ በጎማ ኃይል ቢሽከረከር ቅባት ያጣል። ለዚህ ሲባል ነዳጅ ሲለቀቅ ጎማውን ከሞተሩ የሚያላቅቅ ነገር ተገጠመለት። እንግዲህ አስቡት፣ ነዳጅ መልቀቅ መኪናውን አይዘውም። ሞተሩም ትንሽ ስለሆነ ዙሩ ከወረደ ቶሎ አይነሳም። ቀኝ እግር ነዳጁ ላይ እንዳለ ግራው ፍሬኑን መኮርኮር ነበረበት። ስቲግ ብሎምክቪስት ይህንኑ ጥበብ ከሳብ ይዞ ኦዲ ኳትሮ ላይ ወጣ፣ በ1984 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የዚያ ዘመን ተርቦ ነዳጅ ሲለቁት ይተኛ ነበር። ነዳጁን ሳይለቁ ፍሬን መንካት ተርቦውን ነቅቶ ያቆየዋል።

አሁን ወዳንተ መኪና ልምጣ። ፈጣን ኩርባ ውስጥ ነህ። ነዳጅ ሰጥተሃል፣ አፍንጫዋ ወደ ውጭ መግፋት ጀመረ። ነዳጁን ድንገት ብትለቅ ክብደቷ ባንዴ ፊት ላይ ይወድቅና ጭራዋ ያመልጥሃል። እሱን ተወው። ነዳጁን እንደያዝክ በግራህ ፍሬኑን ዳሰስ አድርግ። ፍሬኑ አራቱንም ጎማ ይይዛል። የፊቶቹን ግን ሞተሩ እየጎተተ ያግዛቸዋል፣ የፍሬኑን ጉልበት ያጣፋላቸዋል። የኋላዎቹን የሚያግዛቸው የለም። ስለዚህ መኪናዋ ከኋላ የተያዘች ያህል ትሆናለች። አፍንጫዋ ይገባል፣ ጭራዋ በቀስታ ይከተላል። የእጅ ፍሬን በጣም በስሱ እንደ መሳብ ነው፣ ክብደቱ ግን ሳይወራጭ። ፍጥነትህ የሚወርደው 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ዳሰስ ማለቴን ልብ በል። ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ባዶ ይሄዳል፣ ከዚያ የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ሲያገኝ ጠንከር ይላል። የምትፈልገው ያቺን የመጀመሪያዋን ጥንካሬ ነው። ከዚያ ካለፍክ አበዛኸው።

የኋላ ግፊት

ጋሼ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። የእኔ መኪና በኋላ ጎማ የምትገፋ ናት። ባለፈው ወር እርስዎ እንዳሉት አድርጌ ነበር። ጭራሽ አልዞር አለች፣ ወደ ውጭ ገፋች። ምኑን ነው የተሳሳትኩት?

የድሮ ራሊ

ምንም አልተሳሳትክም ልጄ። ያንተ ሞተር የሚያግዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ፔዳል አንድ ላይ ስትረግጥ ፍሬኑ ወደ ፊት ያደላል። የፊት ጎማዎች መያዝም መዞርም ይጠበቅባቸዋል፣ ሁለቱን አይችሉም።

ለአንተ ጥቅሙ በተቃራኒው ነው። ፈጣን ኩርባ ላይ ጭራዋ ቅብጥብጥ ስትል ነዳጁን ሳትለቅ በስሱ ብትነካት ትረጋለች። እንድትዞር ከፈለግክ ግን ነዳጁን ቀንስ፣ ፍሬኑን ወደ ኩርባው ይዘህ ግባና ቀስ እያልክ ልቀቅ። በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና ላይ ደግሞ ኃይሉ ፊትና ኋላ እንዴት እንደሚከፋፈል ካላወቅህ ምን እንደምታደርግ አስቀድሞ መናገር ይከብዳል። ሰፊ ቦታ ላይ ሞክረህ ነው የምታውቀው።

ዲስክና ሸራ

ሁለት ፔዳል ወንድሜ፣ እጄ በየሳምንቱ የትራክ መኪኖች ፍሬን ውስጥ ነው የሚውለው። ከዚያ ወገን ልናገር።

ከምንም በፊት መኪናህ ይፈቅድልህ እንደሆነ እወቅ። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ሁለቱ ፔዳል አንድ ላይ ሲረገጡ የሞተሩን ኃይል ይቆርጣሉ። ነዳጅ መስጫው ተጣብቆ ቢቀር እንኳ ፍሬኑ እንዲያሸንፍ ተብሎ የተሠራ ነው። ለሰው ሕይወት የተደረገ ስለሆነ አላማርረውም። ግን ኩርባ መሃል ላይ ኃይሉ ድንገት ሲጠፋ ጋሼ ያሉት ሁሉ ይገለበጣል፣ ክብደቷ ፊት ላይ ይወድቃል። አንዳንዱ መኪና ብልሽት ነው ብሎ መዝግቦ ኃይሉን ቀንሶ ይቆያል። ሌላው ትንሽ ንክኪን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ባዶ ሜዳ ላይ በ40 እየሄድክ፣ ነዳጁን ትንሽ ይዘህ፣ ፍሬኑን ንካና እይ።

ሌላው ሰርቮው ነው፣ የእግርህን ግፊት የሚያበረታው መሣሪያ። ብዙ ቤንዚን መኪና ላይ ሰርቮው እግርህን የሚያግዘው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ክፍተት ነው። ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ ያ ክፍተት ይጠፋል። የተጠራቀመው ለጥቂት ረገጣ ይበቃል፣ ከዚያ ያልቃል። ነዳጅ ሙሉ ረግጠህ ፍሬኑን ደጋግመህ ብትኮረኩር ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቅብሃል። ሰው ፍሬኑ የሞተ ይመስለውና ይደነግጣል። ነዳጁን ለአፍታ ልቀቅ፣ ይመለሳል። የአንተ መኪና ለብቻው ፓምፕ ካላት ይህ አያሰጋህም።

ሙቀቱ ላይ ግን ቆም በል። በአንድ የትራክ ቀን ሸራ የጨረሰ ሰው መጥቶብኝ ነበር። ዲስኩ ሰማያዊ መትቷል፣ የሸራው ፊት እንደ መስታወት አብረቅርቋል። ሸራው የማይረባ ነው ብሎ ተናዶ ነበር። ዳታውን አብረን ስናይ ለካ ሰውየው ቀጥታው ላይ ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ነው የሚነዳው። በጣም ትንሽ ግፊት ናት፣ ግን ሙሉ ዙር አትለቅም። ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይችላል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ትራክ ከመግባትህ በፊት ዘይቱን ቀይር።

ደግሞ የኋላ መብራትህን አስብ። እግርህ እዚያ ካረፈ መብራቱ እንደበራ ነው። ከኋላህ ያለው ሰው መቼ እንደምትይዝ በምን ይወቅ?

ማኑዋል ብቻ

እኔ በዚህ አልስማማም፣ በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ትራክ ላይ መማር ያለበት ሰው መጀመሪያ ቀኝ እግሩን ይማር። እኔ የምነዳው ማኑዋል ነው። ኩርባ ስደርስ ቀኝ እግሬ ፍሬኑን ይዞ፣ በዚያው እግር ጎን ነዳጁን እየኮረኮርኩ፣ ግራው ፍሪሲዮኑን እየረገጠ ማርሽ አወርዳለሁ። ግራ እግሬ ሥራ አለው። ሩቤንስ ባሪኬሎ ሌሎቹ ወደ ግራ እግር ከዞሩ በኋላም ፎርሙላ 1 ውስጥ ብዙ ዘመን በቀኝ እግሩ ፍሬን እየያዘ ነድቷል። እሱን ማን ዘገምተኛ ይለዋል?

ቁጥር ወዳድ

ማኑዋል ላይ ያልከው እውነት ነው፣ ማርሽ የሚወርድበት ኩርባ ላይ ግራ እግር አይደርስም። ማርሽ ሳይቀየር የሚታለፍ ፈጣን ኩርባ ላይ ግን አንተም ትችላለህ።

ስለ ፎርሙላ 1 ካነሳህ፣ ፌራሪ በ1989 እ.ኤ.አ. ማርሹን ወደ መሪው አመጣው፣ ናይጀል ማንሰል ገና በመጀመሪያው ውድድር ብራዚል ላይ አሸነፈበት። በኋላ ባሉት ዓመታት የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጭራሽ ወጣ። ግራ እግር ነፃ ሆነ። ከዚያ የመጡት ልጆች ደግሞ በካርት፣ በትንሿ የመወዳደሪያ መኪና፣ ያደጉ ናቸው። ካርት ላይ ፍሬኑ በግራ፣ ነዳጁ በቀኝ ነው፣ መሃል ላይ የመሪው ዘንግ አለ። ከሕፃንነታቸው በግራ ሲይዙ ኖረዋል። ባሪኬሎም ፈጣን ነበር፣ እነሱም ፈጣን ናቸው። ለዚህ ነው እግር ማፍጠን ዋናው ነገር አይደለም የምለው።

ማኑዋል ብቻ

ማርሽ የማይቀየርበትን ኩርባ እቀበላለሁ። እኔ በምነዳበት ትራክ ላይ እንዲህ ያለች አንዲት አለች፣ እሞክራታለሁ።

ለስላሳ ልቀቅ

ሁለት ፔዳል፣ «እንዴት ላስተምረው» ላልከው። እኔ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ አቀማመጥህን አስተካክል። ግራ እግርህ ዳር ላይ ተቀምጦ ይውላል አልክ። ተቀምጦ አይደለም የሚውለው፣ ደግፎህ ነው። ፍሬን ስትይዝ ሰውነትህ ወደፊት ይሄዳል፣ ያ እግር ይገፋሃል። እሱን ወደ ፍሬን ስታመጣው ደጋፊህን አጣህ። ሰውነትህ ሲንሸራተት እግርህ ፔዳሉን ይበልጥ ይጫናል፣ ፍሬኑ ሲበረታ አንተ ይበልጥ ትንሸራተታለህ። ያን ቀን የደረሰብህ በከፊል ይህ ይመስለኛል። ቀበቶህን ወገብህ ላይ ጥብቅ አድርግ። ጎን የሚይዝ መቀመጫ ካለህ በጣም ይረዳል። ተረከዝህ ወለል ላይ ይትከል፣ የምትረግጠው በቁርጭምጭሚትህ ይሁን። ጭንህን አንስተህ ከረገጥክ መቼም ልክ አታገኘውም። ጫማህም ሶሉ ስስ ይሁን።

ከዚያ ባዶ ሜዳ። በ40 እየሄድክ በግራህ ብቻ ይዘህ ቁም። ሃምሳ ጊዜ። መኪናዋ ልትቆም ስትል ጭንቅላትህ ወደ ኋላ ነቅነቅ ካለ አለቃቀቅህ ሸካራ ነው። መርገጥ ቀላል ነው፣ በሁለተኛው ቀን ትለምደዋለህ። መከራው መልቀቁ ነው። ቀኝ እግርህ ለዓመታት ነዳጅን በሚሊ ሜትር ሲለቅ ኖሯል። ግራህ የሚያውቀው ፍሪሲዮን ነው፣ ወይ ሙሉ ወይ ምንም። ኩርባ መግቢያ ላይ ፍሬኑን ቀስ እያልክ ስትለቅ ነው መኪናዋ የምትዞረው። እግርህ «ጣ» ብሎ ከለቀቀ የፊት ጎማዎች ጭነታቸውን ባንዴ ያጣሉ።

ሲሙሌተር ካለህ የፍሬኑ ፔዳል ርቀትን ሳይሆን ጉልበትን የሚለካ ይሁን። እውነተኛ ፍሬን ላይ እግር የሚያስታውሰው ጉልበቱን ነው።

ትራክ ላይ ስትመለስ ትልልቆቹን ኩርባዎች በቀኝህ ቀጥል። ግራህን በስሱ በሚያዝባቸው ላይ ብቻ ተጠቀም፣ ያውም ሰው በሌለበት ዙር። መንገድ ላይ ከሰው መሃል ግን በፍጹም አትሞክር። ልጅ ዘሎ ቢገባብህ የትኛው እግር እንደሚቀድም ገና አታውቅም።

ሁለት ፔዳል

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሜዳው ላይ አራት ቀን ሠራሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ መርገጡ መጣልኝ፣ መልቀቁ ግን እስከ አራተኛው ቀን አስጨነቀኝ። ቀበቶውን ሳጠብቅ ግማሹ ችግር ጠፋ። መኪናዬ ትንሽ ንክኪን ታሳልፋለች፣ ከበዛ ግን ኃይሉን ትቆርጣለች። ድንበሯን አሁን እግሬ አውቆታል።

ትራክ ላይ ጋሼ ያሉትን አራተኛዋ ኩርባ ላይ ሞከርኩት። በአራተኛ ማርሽ የምትታለፍ ረጅም የግራ ኩርባ ናት። ሁልጊዜ መሃሏ ላይ አፍንጫዋ ይገፋብኝና ነዳጅ ለቅቄ እጠብቃለሁ። አሁን ነዳጁን ሳልለቅ ዳሰስ አደረግኩ። አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ጎንበስ ሲል ወገቤ ላይ ተሰማኝ። ዳታውን ጭኛለሁ፣ እዩልኝ።

ዲስክና ሸራ

አየሁት ወንድሜ። ኩርባዋ ታምራለች፣ በ6 ባር የፍሬን ግፊት ይዘህ ለቀቅክ፣ ነዳጁ አልወረደም። ቀጥታውን ግን አጉላው። የፍሬን ግፊቱ ዜሮ መሆን ሲገባው ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ 2 ባር ላይ ተኝቷል። መጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ዜሮ ነበር፣ ስለዚህ የመሣሪያው ስህተት አይደለም። ሲደክምህ እግርህ አረፈ።

ሁለት ፔዳል

እህቴ፣ ምንም አልተሰማኝም ነበር! ከሰዓት በኋላ ገብቼ በየቀጥታው ተረከዜን ወደ ዳር አወጣሁት፣ የፍሬን ምልክት ከሆነችው ሰሌዳ አንድ ሰሌዳ ቀድሜ ብቻ እመልሰዋለሁ። መስመሩ አሁን ዜሮ ነው፣ ስድስቱም ዙር። ስወጣ የቀኝና የግራ ዲስኩን ሙቀት ለካሁ፣ ከጠዋቱ ቀንሷል።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። አራተኛዋ ላይ የመሪውን መስመር ከድሮው ጋር ደርቤ አነጻጸርኩት። ድሮ መሃል ላይ ስትገፋብኝ መሪውን እጨምርላት ነበር። አሁን ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ እስክወጣ እጄ ንቅንቅ አላለም።